ሶሲ እናቷን ያወቀችበት ቅዳሜ

ከጂንካ በላይ፣ እንሰትና ቡና ተጋፍተው በሚበቅሉበት በአሪ ዳገት ላይ፣ ሰው ሁለት ነው። መሬት የሚያርሰው «ካንፃ» ይባላል። ሸክላ ሠሪዋና ብረት ቀጥቃጩ ደግሞ «ማና» ይባላሉ። ካንፃ በማና ድስት ይቀቅላል፣ በማና ዶማ ይቆፍራል፤ ማናን ግን ከደጁ አያሳልፍም። ሶሲ የተወለደችው ከማና ነው።

መንግሥት በተለወጠበት በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ገና ጀርባዋ ያልጠና ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ትልልቁን እንስራ አዝላ፣ እሷ ትንንሹን ድስት በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ይዛ፣ ወደ ጂንካ ገበያ ይወርዱ ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጥሙ ከሸክሙ ይብሳል። እናቷ ከአንዱ ቤት ደጅ ራቅ ብላ ትቆምና «ውኃ አጠጡን» ትላለች። የቤቱ እመቤት በቅል ይዛ ትወጣለች፤ ቅሉን ግን አትሰጥም። እናትና ልጅ ጎንበስ ብለው ሁለት መዳፋቸውን ከአገጫቸው ሥር ይገጥማሉ። ሴትዮዋም ቅሉ ጣታቸውን እንዳይነካ ከፍ አድርጋ ታፈስላቸዋለች። እነሱም እንደ ጥጃ ይጠጣሉ።

አንድ ቀን ሶሲ በጣም ጠምቷት ቅሉን በሁለት እጇ ያዘችው። ሴትዮዋ ቅሉን ቀስ ብላ ከልጅቱ እጅ ወሰደችና ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠችው። ይኼኔ እናቷ ዞር ብላ ሶሲን በጥፊ አጮለቻት።

«ምን አደረግሁ?»

«እጅሽ የት መሆን እንዳለበት እወቂ!» አለቻት እናቷ። ያን የምትለው ለልጅቱ ይሁን ለሴትዮዋ ሶሲ አልገባትም። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጇ የነካውን ነገር ያረክሳል። ልጅ እንዲህ ያለውን ትምህርት ቶሎ ይማራል፤ ቶሎም አይረሳም።

ጉልበቷ ሲጠና ከሸክላው ኮበለለች። ጂንካ ወርዳ ከሰሜን በመጣ መምህር ቤት ተቀጠረች። ሰውዬው ማናና ካንፃ አይለይም፤ ሚስቱም አትለይም። «አገርሽ የት ነው?» ሲሏት «ከወይጦ ወንዝ ማዶ» አለች። «እናት አባትስ?» «ሞተዋል።» በመጀመሪያው ቀን እመቤቲቱ ውኃ በብርጭቆ ሰጠቻት። ሶሲ ጓዳ ገብታ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ስታለቅስ ቆየች፤ እመቤቲቱ ጥርሷን ያመማት መስሏት ቅርንፉድ አመጣችላት።

ከዚያ ቤት ጀርባ ጸሎት ቤት ነበረ። መዝሙሩ በአጥር ላይ እየተሻገረ ልብስ ስታጥብ ይሰማታል። አንድ እሑድ ገባች፤ አልወጣችም። እምነቷ የታይታ አልነበረም፤ ከልቧ አመነች። በኔሪ ወንዝ ሲያጠምቋት ውኃው ደፍርሶ ሲወርድ አየችና ማናነቷም አብሮ የወረደ መሰላት። በመዘምራኑ መካከል ዶላሞ የሚባል፣ ጣውላ በመሰንጠቅ የሚኖር፣ ድምፀ መልካም የካንፃ ልጅ ነበረ። ወደዳት፤ ወደደችው፤ ተጋቡ። እናት አባቴ ሞተዋል የሚለውን ለእሱም አልለወጠችለትም። ውሸት አንዴ ከተተከለ ውኃ የሚያጠጣው አያጣም።

የእኅቶች ኅብረት በሆነ ቁጥር ወጥ የምትሠራው፣ ዕቃ የምታጥበው፣ ለእንግዳ እግር ውኃ የምታሞቀው ሶሲ ነበረች። ሙሉነሽ የምትባል የአሪ ሴት፣ የኅብረቱ አለቃ፣ «የሶሲ እጅ የተባረከ ነው» እያለች በሰው ፊት ትስመዋለች። ያን እጅ ትስመዋለች!

አንድ ቅዳሜ ሁለቱ ገበያ ወረዱ። ሙሉነሽ ድስት ፈለገች፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ወደሚቀመጡበት፣ ወደ ገበያው ጭራ ሄዱ። ሙሉነሽ አንዲት አሮጊት ፊት ቆመችና አንዱን ድስት በእግሯ ጫፍ ገፋ አደረገችው።

«አንቺ ማና፣ ይኼ ያፈሳል?»

«አያፈስም፣ እመቤቴ።»

ያቺ አሮጊት የሶሲ እናት ነበረች። ቀና ስትል ልጇን አየቻት፤ ጫማ ተጫምታለች፣ ነጭ ነጠላ ለብሳለች፣ ወዝ አላት። የአሮጊቷ አፍ ሊከፈት ሲል ሶሲ ፊቷን ወደ ጨው ነጋዴዎቹ አዞረች።

«እኅት ሶሲ፣ የትኛውን ልውሰድ?» አለች ሙሉነሽ።

«እኔ ሸክላ አላውቅም።»

አሮጊቷ ራሷን ደፋች። ጥሩውን ድስት መረጠችና በቅጠል ጠቅልላ ወደ ሶሲ ዘረጋችው። «ይኼን ይውሰዱ፣ እመቤቴ» አለች። ልጇን እመቤቴ አለቻት። ሶሲም ተቀበለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር በኩል ዞራ መሄድ ጀመረች፤ በገበያው አላልፍ አለች። ሰው የማያየው ቁስል እንዲህ ነው፤ መንገድ ያስለውጣል።

ዓመታት አለፉ። አንድ እሑድ የጌታ እራት ነበረ፤ ከአርባ ምንጭ ብዙ እንግዶች መጥተው ነበርና ትንንሾቹ ኩባያዎች አልበቁም። ሽማግሌዎቹ በአንድ ትልቅ ጽዋ እናዙር አሉ። ጽዋውን የያዘው ሽማግሌ ሶርሳ ነው፤ የአሪ ሰው፣ የተከበረ ገበሬ፣ ንግግሩ የተለካ። ሶሲ ተንበርክካ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። «ስለ አንቺ የፈሰሰ» የሚል የወንድ ድምፅ ከራስጌዋ ሰማች። ሰው ቆሟል፣ እሷ ዝቅ ብላለች፣ የሚጠጣ ነገር ከላይ እየመጣ ነው። እጇ ሳታዘው ተነሣ። ሁለቱ መዳፎቿ ከአገጯ ሥር ገጠሙ።

ሶርሳም ካንፃ ነው። የእሱም እጅ የተማረውን አልረሳም፤ ጽዋውን ከፍ አድርጎ፣ ከንፈሯን ሳያስነካ፣ በመዳፏ ላይ አፈሰሰላት።

ሁለቱም ደነገጡ። የዘቢቡ ጭማቂ በጣቶቿ መካከል ሾልኮ ነጠላዋን አቀላው። ከጎኗ ተራዋን የምትጠብቀው ሙሉነሽ ነበረች።

«ኧረ ተው፣ ኧረ ተው ሽማግሌ! ይቺ ማና ናት!» ብላ ብድግ አለች። «አላያችሁም አቀባበሏን? ማና ናት! ይኼን ሁሉ ዓመት እጇን ስሜ!» አፏን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ደጅ ወጥታ ስታስመልስ ተሰማ። እንግዶቹ የሆነው አልገባቸውም፤ አንዷ የታመመ ሰው አለ ብላ መጸለይ ጀመረች። የአገሩ ሰው ግን ገብቶታል። ከሶሲ በኋላ ከዚያ ጽዋ የጠጣ የአሪ ሰው አልነበረም።

ዶላሞ ማታ መጣ፤ አልገባም፤ ከመዝጊያው ውጭ ቆመ።

«ውሸት ነው በይኝ፣ ሶሲ።»

«ውሸት አይደለም።»

«እናትሽ?»

«በሕይወት አለች።»

«እግዚአብሔር ልጅ የነሣን ለካ በዚህ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ድምፁ ያ መዝሙር የሚያወጣው ድምፅ ነበር። መጋዙን ብቻ ከደጁ ግድግዳ ላይ አወረደ። ፍራሹንም፣ ብርድ ልብሱንም አልወሰደም፤ ተኝታበታለችና። ወደ አገሩ ሲወጣ የጎሣው ሽማግሌዎች ርኩሰቱ እንዲለቀው ፍየል አርደው እጁን አጠቡለት አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ቆሞ ዘመረ።

ሙሉነሽ ሶሲ ያጠበቻቸውን ሳህኖች ሁሉ ከኅብረቱ ቤት አወጣች፤ ሶሲ ለእሷ ልጅ ሠርግ ያበረከተችላትን ነጠላ በእንጨት ጫፍ አንጠልጥላ አምጥታ ከአጥሯ ላይ ጣለችው። የሰፈር ልጆች ሶሲ ስታልፍ መዳፋቸውን ከአገጫቸው ሥር እየገጠሙ «አጠጪኝ፣ አጠጪኝ» ይላሉ። አንዷ ልጅማ ይህንኑ ስድብ ሶሲ ባስተማረቻት መዝሙር ዜማ ትዘፍነዋለች። ሽማግሌ ሶርሳም መጣ፤ ከደጅ ቆሞ ቆቡን አውልቆ፣ በትሕትና ተናገረ።

«እኅት ሶሲ፣ እኛ አልፈረድንብሽም። ፍርድ የጌታ ነው። ነገሩ እስኪበርድ ድረስ ግን በመስኮቱ በኩል ከውጭ ሆነሽ ብትሰሚ… ድምፅ ማጉያው እዚያ ጥሩ ይሰማል።»

ሶሲ በመስኮት ልትሰማ አልሄደችም። ቤቷን ዘጋች። ምግብ መሥራት ተወች፤ የገዛ እጇን ማየት ጠላች። ትጸልያለች፤ ጸሎቷ ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ «ጌታ ሆይ» ካለች በኋላ የሚከተለው ቃል አይመጣላትም።

ወደዚያ ቤት የገባች አንዲት ሰው አስካል ናት። አስካል ከጋሞ ደጋ የመጣች፣ በዚያው ጸሎት ቤት የምታመልክ፣ መናኸሪያው በር ላይ ድንች የምትሸጥ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናት። ሰላምታ ሳትሰጥ ገባች፤ መዝጊያውን በእግሯ ከፈተችው፤ ከማሰሮው ቀድታ ጠጣችና ተቀመጠች።

«ምነው እንዲህ ገረጣሽ? ራስሽን ልትቀብሪ ነው? ለቀብርሽ ማን እንደሚመጣ አስበሻል? እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን መሸከም አልችልም።»

ሶሲ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ተናገሪ እንጂ!»

«ሰው ሁሉ ፈረደብኝ፣ አስኩ።»

«ሰውማ ሥራው ነው፤ ሌላ ምን ሥራ አለው? ጌታስ ምን አለሽ?»

«እሱም ፈርዶብኛል።»

«ማና ስለሆንሽ?» አስካል ሳቀች። «አንቺ ሴት፣ መጀመሪያ ጭቃ ያቦካው ማን ሆነና! አዳምን በእጁ ያበጀው ማን ነው? ሸክላ ሠሪ ካረከሰ፣ ሙሉነሽ እግዚአብሔርን ራሱን ከደጅ ታቁመዋ፤ ውኃም በመዳፉ ታፍስለት!»

ሶሲ ሳቋ አመለጣት። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቀችው ሳቅ ነው፤ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። አለቀሰችና አለቀሰች፤ ከዚያ «በዚያ አይደለም» አለች። «በዚያ አይደለም የፈረደብኝ፣ አስኩ።» ነገረቻት። የገበያውን ቅዳሜ፣ በቅጠል የተጠቀለለውን ድስት፣ «እመቤቴ» የሚለውን ቃል፣ ያዞረችውን ፊቷን፤ ሁሉንም ነገረቻት።

ያቺ ተናጋሪ ሴት መቀመጫዋን ወደ ሶሲ አስጠጋች።

«ይኼ ሌላ ነው» አለች። «ይኼ ኃጢአት ነው። አላባብልሽም።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ታዲያማ! ላልበደልሽው ነገር ምን ምሕረት ያስፈልግሻል? ማና ሆነሽ ስለተወለድሽ አይደለም የሞተልሽ፤ እናትሽን ስለካድሽ ነው። በክርስቶስ ላለ ሰው ኩነኔ የለም ሲባል፣ ንጹሕ ለሆነ ሰው የተነገረ መስሎሽ ነው እንዴ? ንጹሕ ለሆነ ሰውማ ማን ይነግረዋል! ሶሲ፣ ስሚኝ፤ ሰዎቹ የከሰሱሽ በተሳሳተ ክስ ነው። እሱ ግን ትክክለኛውን ክስ ያውቀዋል፤ ያውም ያን ቀን ገበያው ውስጥ ቆሞ አይቶሻል። ይህን እያየ ነው የወደደሽ።»

አስካል ድንቿን ትታላት ሄደች። ሶሲ በጠራራ ፀሐይ መሬት ላይ ተደፍታ «ጌታ ሆይ» አለች፤ በዚህ ጊዜ የሚከተለው ቃል መጣ። «እናቴን ካድኳት» የሚል ነበር። የፈራችው ጥፊ አልመጣም። የመጣው ምን እንደሆነ ለሰው መናገር አትችልም፤ ብቻ ስትነሣ ርቧት ነበር፤ ድንቹን በእጇ ልጣ፣ ቀቅላ በላች።

ቅዳሜ ገበያ ወረደች፤ በመካከሉ አልፋ ወደ ጭራው ሄደች። እናቷ እዚያው ናት፤ ጎብጣለች፣ አንድ ዓይኗ ተጋርዷል።

«ምን ልስጥዎት፣ እመቤቴ?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሶሲ።»

«ሶሲ የምትባል ልጅ ነበረችኝ» አለች አሮጊቷ፣ ድስቶቿን እያስተካከለች። «ጂንካ ወርዳ ሞተች። ጸጉሬን ተላጭቼ አልቅሼላታለሁ። ሰው ሁለቴ አይለቀስለትም።»

ከጎኗ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ተንጫጩ። «ኧረ ሙትሽ ተነሥታለች!» አለች አንዷ። «ጫማ አድርጋ ነው የተነሣችው፤ ሲኦል ሀብታም አገር ነው ለካ!» አለች ሌላዋ፤ ሁሉም ሳቁ።

«ይቅር በይኝ።»

«ድስት ካልገዙ ዞር ይበሉልኝ፤ ደንበኛ አይከልክሉኝ።»

ድሮ ቢሆን ይህ ቃል ሶሲን ገድሎ ያሳድራት ነበር። አሁንም ልቧን ወጋት፤ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ነገር ግን ስትወድቅ የሚቀበላት ወለል ነበራት፤ ከዚያ በታች የማትወርድበት። አልሄደችም። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች፤ ከድስቶቹ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሲዘንብ በዝናብ ተቀመጠች። ሴቶቹ «ሙታን መጡ» ይሏታል፤ እናቷ በአጠገቧ የቆመ ውሻ ያህል እንኳ አላየቻትም። ሶሲ ዳገቱ መጨረሻ ድረስ ከኋላ ከኋላ ትሸኛታለች፤ እናቷ አትዞርም።

እንዲህ እያለ ክረምቱ ወጣ። አንድ ቅዳሜ ሽማግሌ ሶርሳ ገበያው ጭራ ድረስ መጣ። ዶላሞ አብሮት ነበር፤ እሱ ግን አልቀረበም፤ ከጨው ነጋዴዎቹ ዘንድ ቀርቶ ወዲህ ያያል። ሶሲ ባሏን ከሩቅ ለየችው። ከስቷል። እጀ ጠባቡ ትከሻው ላይ ተቀዷል፤ የሚሰፋለት የለም።

«እኅት ሶሲ፣ መፍትሔ አገኘንልሽ» አለ ሶርሳ። ድምፁ የደግ ሰው ነበር፤ ደግም ሳይሆን አይቀርም። «የጸሎት ቤታችን ጉባኤ በቅርብ ቀን ነው። ያኔ ትቆሚና እነዚህ ማናዎች ያሳደጉኝ ናቸው እንጂ የወለዱኝ አይደሉም ትያለሽ። ወላጆቼ ከወላይታ መጥተው መንገድ ላይ የሞቱ ናቸው ትያለሽ። እኔ እመሰክርልሻለሁ። ሙሉነሽንም አሳምኛታለሁ። ዶላሞ» ወደ ጨው ነጋዴዎቹ ጠቆመ፣ «ዶላሞ ዛሬውኑ ወደ ቤቱ ይገባል። አንድ ቃል ብቻ ነው።»

ይህን ሁሉ ሲናገር አሮጊቷ ከጉልበቱ ሥር ተቀምጣለች። እንደ ድስቶቿ፣ ጆሮ እንደሌላት ተናገረባት።

ሶሲ ዶላሞን አየችው። የምትወደው ሰው ነው። ቤቱ፣ መዝሙሩ፣ የእኅቶች ኅብረት፣ «እጅሽ የተባረከ ነው» የሚለው ቃል፤ ሁሉም እዚያ ጨው አጠገብ ቆሟል።

ያኔ እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጇ አናገረቻት። ቀና አላለችም።

«በይው፣ ልጄ» አለች። «በይውና ወደ ቤትሽ ግቢ። እኔ እንደሆንሁ ለምጄዋለሁ።»

ከዚያ ሁሉ ስድብ ይልቅ ይህ ደግነት አንጀቷን በጠሰው። ሶሲ ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ዶላሞ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ገበያው ዞር ብሎ አየ።

«እናቴ ናት። የወለደችኝ እሷ ናት። ማና ናት፤ እኔም ማና ነኝ። አንድ ጊዜ ክጃታለሁ፤ ያንን ይቅር ተብያለሁ፤ ሁለተኛ አልክዳትም።»

ሶርሳ ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲህ ቦታሽን በራስሽ አጣሽው።»

«ጋሼ ሶርሳ፣ እሱ ዘንድ ቦታ አለኝ። እሑድ እመጣለሁ፤ በመስኮት አይደለም፤ በበር። ከአጠገቤ የሚቀመጥ ካጣሁ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ብታስወጡኝም የምታስወጡኝ እናንተ ናችሁ፤ እሱ አይደለም።»

ሶርሳ ቆቡን አድርጎ ሄደ። ዶላሞ ጥቂት ቆመ፤ የሚመጣ መሰላት። አንድ እርምጃ ወደፊት የተራመደም መሰላት። ከዚያ መጋዙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና ወደ ቀይ አፈር ከተማ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ሰው መሐል ገባ። ዳግመኛ ወደ ቤቷ አልመጣም።

ሸክላ ሠሪዎቹ አልሳቁም። እናቷ በዚያች በምታይ ዓይኗ ልጇን ከእግሯ እስከ ራሷ ተመለከተቻት።

«ሞኝ» አለቻት። «ባልሽን እኮ ነው የጣልሽው።»

«አውቃለሁ።»

«ጅል! እኔ አሁን ልሞት የደረስኩ አሮጊት፤ ለእኔ ብለሽ?»

የሶሲ ዕንባ በአፏ ገባ።

«በይ አታልቅሽብኝ፤ ሰው እያየ ነው» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ ሻክሮ። «ያንን ትልቁን እንስራ ወዲህ ሳቢው። መንገደኛ ሊሰብረው ነው።»

ሶሲ እያለቀሰች ሳበችው።